የሦስተኛው ሰው ድርሻ

ለውድ ወንድሜ ለሳላሀዲን አብዶ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሮቤ ብርድ የተነሳው ሰላምታዬ በሎጊያ ሙቀት ውስጥ በደህና ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ከመኪና ሥር ተኝተህ ስትሠራ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልክ ትስላለህ? ጨው ጨው ይላል ያልከኝ ውሃ ተስማማህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን ሁሉ ጠይቄህ የምትመልስልኝ «ሀምዱሊላህ» የምትል አንዲት ቃል እንደሆነች አውቃለሁ፤ ቢሆንም እህት ነኝና ልጠይቅ። እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ማለት እንግዲህ በእግራችን ቆመናል ማለት ነው። እኔማ ከመቆም በቀር ሌላ ሥራ የለኝም።

ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ እንዳትደነግጥ፣ የሞተ ሰው የለም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። አንተ ስለ ሙቀቱ፣ እኔ ስለ ብርዱ አወራንና ዘጋነው። አንዳንድ ነገር ሰው እየሰማ፣ ካርድ እየቆጠረ አይወራም። ስለዚህ ዛሬ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ከታናሻችን ከማሂ ደብተር አራት ቅጠል ቀድጄ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ እህል ጭኖ ወደ ሰመራ የሚሄድ ሹፌር ነው። ምግብ ቤታችን ይበላል፣ ሰው ይመስለኛል።

የአዴ ዙሀይራ ምግብ ቤት አሁንም እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ነው። ቀለም ተቀብቷል፤ ወንበሮቹ ግን አንተ የምታውቃቸው ናቸው። ስድስት ዓመት አስተናገድኩበት። እግሬ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ጫማዬ አልገባ ይላል። ሥራው አይደለም የሚያደክመኝ፣ ሳህን መሸከም ለምጄዋለሁ። የሚያደክመኝ ሒሳብ የሚመጣበት ሰዓት ነው።

የእኛን አገር ሰው ታውቀዋለህ። ሁለት የጋሰራ ገበሬዎች አብረው ይመጣሉ። ገና ሳይቀመጡ አንደኛው እጁን ሊታጠብ መስሎ ወደ ጓዳ ይከተለኝና ሁለት መቶ ሦስት መቶ ብር ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ይወሽቅብኛል፤ «ወላሂ ከእሱ እንዳትቀበዪ» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ ያኛውም እጁን ሊታጠብ ይነሳና ያንኑ ያደርጋል። በልተው ሲጨርሱ እኔ የሁለት ሰው መሐላ ተሸክሜ መሃላቸው እቆማለሁ። የአንዱን ብመልስ ይቀየመኛል፣ የሁለቱንም ብይዝ ሌባ ነኝ። እጄን ግራና ቀኝ ሲጎትቱኝ ትከሻዬ የሚወልቅ ይመስለኛል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራኑ ደግሞ ሌላ ናቸው። ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ሥጋ የሚበሉት ሌላ ቤት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ግን የጾም ሽሮአችንን ስለሚወዱት ዘጠኝ አሥር ሆነው ይመጣሉ። እነሱ አይሟሟቱም። «ለዘጠኝ ክፈይልን» ይሉኛል፤ ከዚያ አንዱ ሻይ አልጠጣሁም ይላል፣ አንዱ ሁለት ጠጥቻለሁ ይላል፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያባዛል፣ ያካፍላል። ፊሊጶስ የሚባል የሒሳብ መምህር አላቸው፣ እሱ እንኳ ያቅተዋል። ደግሞ ዘጠኝ ሰው ሲካፈል ቲፑን ሁሉም ሌላው ያስቀመጠው ስለሚመስለው ጠረጴዛው ላይ ከጥርስ መጎርጎሪያ በቀር አላገኝም።

ያችኑ የተገኘችውን ቲፕ ለብቻችን አንይዛትም። ገንዘብ መቀበያው ጋ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ፣ የሁላችንም እዚያ ይገባል። ማታ ለአራት እንካፈለዋለን፤ እኔ፣ አብራኝ የምታስተናግደው ጫሊ፣ ወጥ ሠሪዋና ዕቃ አጣቢዋ። ይህን የምነግርህ ሒሳብ ላስተምርህ አይደለም። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ጣሳ ስለመጣ ነው።

ሳላሀዲን፣ የዛሬ አራት ዓመት የሆነውን ላስታውስህ አልፈልግም ነበር። ግን ሳላነሳው ማለፍ አልቻልኩም። አባባ የደሎ መናን መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተው መኪና ያቆሙ ሰሞን፣ ስድስት የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸውን እኛ ምግብ ቤት ጋብዘው ነበር። ለዚያች ምሳ ስንት ወር እንዳጠራቀሙ እኔ አውቃለሁ፤ ብሩ መሐረብ ውስጥ ተቋጥሮ በደረት ኪሳቸው ነበር። አንተ ከአዲስ አበባ ደሞዝህን ይዘህ መጥተህ ነበርና ገና ምግቡ ሳይወጣ ጓዳ ገብተህ ከፈልከኝ። ሦስት መቶ ብር ቲፕም ጨመርክ። ከማንም ሰው አስቀድሜ ብር ስቀበል ጋባዡ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ያን ቀን ወንድሜ ነህና አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፣ ይህን ላንተ ብቻ ጥዬው አላውቅም።

አባባ በልተው ሲያበቁ ቀና ብለው «ሒሳብ» አሉ፣ እኔም «ተከፍሏል» አልኳቸው። በማን ሲሉ አንተ ሳቅክና «አባባ፣ እርስዎ ከየት አምጥተው ሊከፍሉ ነበር?» አልካቸው። ለጨዋታ እንዳልከው አውቃለሁ። ግን ስድስት ሰው ሰማው። አባባ መሐረቡን እንደያዙ እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ። ማታ ቤት ገብተው «ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሳላሀዲን ሳንቲም በዚህ በር አይገባም» ብለው ማሉ። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ብትኖር ኖሮ ያን መሐላ ከአፋቸው ሳይወጣ ታስቀረው ነበር። እኔ አልቻልኩም። አንተም በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅህን እንኳ ሰምተው አያውቁም።

የተከተለውን እኔና አንተ ነን የምናውቀው። በየወሩ ሦስት ሺህ ብር ትልካለህ። የላክኸው አዳዲስ ሁለት መቶ ብር ሆኖ ከባንክ ይወጣል፤ አዴ ዙሀይራ ደግሞ ከመሳቢያዋ የተጨማደደ አሥር ብርና ሃምሳ ብር መርጣ ትመነዝርልኛለች። «ዘይት የነካው ይሻላል» ትለኛለች፣ አላህ ይስጣት። እኔም ይዤ ገብቼ የወሩ ቲፕ ነው እላለሁ። አባባ ጉርሻ ነው የሚሉት። ጉልበታቸው ላይ አንድ በአንድ እያቃኑ ይቆጥሩትና እጃቸውን ዘርግተው ለሰጠው ሰው ሁሉ ዱዓ ያደርጋሉ፤ አላህ ሲሳዩን ያስፋለት፣ ከመንገድ ክፉ ይጠብቀው ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ ዱዓው ላንተ ነበር፣ እሳቸው ናቸው ያላወቁት። የደም ግፊት መድኃኒታቸው፣ የማሂ ዩኒፎርም፣ የቤቱ ዘይት ሁሉ በዚያ ብር ነው። እኔ ደግሞ በየወሩ አንድ ጊዜ እዋሻለሁ።

ባለፈው ወር የድሮ ጓደኛቸው ጃርሶ ቤት ቁጭ ብለው ሲጫወቱ፣ ጃርሶ ጎባ ሆቴል ስለምታስተናግደው ልጁ አንስቶ ቲፗ በወር አንድ ሺህ ሞልቶ አያውቅም አላቸው።  በማግስቱ ረቡዕ ነበር፣ አባባ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ መጥተው ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ወገባቸውን አሟቸው የሚያርፉ መስሎኝ ሻይ አመጣሁላቸው። ያችኑ አንድ ሻይ ይዘው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልተነሱም። ምሳ ባቀርብላቸው «ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

የአባባን ዓይን ታውቀዋለህ። ረዳቱ ስንት ሰው ጭኖ የስንቱን ሒሳብ እንደደበቀ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ከመስታወት አይተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ማታ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆሙና «ዛሬ ጣሳው ውስጥ መቶ ሰማንያ አራት ብር ገባ» አሉኝ። ልክ ነበር፣ እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ለስንት እንደምንካፈለው ጠየቁኝ፣ ለአራት አልኩ። «አርባ ስድስት» አሉ። «በሃያ ስድስት የሥራ ቀን አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ስድስት። ያውም ሁሉ ቀን እንደ ዛሬ ቢሆን። የቀረው አንድ ሺህ ስምንት መቶ አራት ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። 

ቀጥለው «ተመልሶ መጥቶ ሃምሳ ብር ያስጨበጠሽ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያ ፊሊጶስ ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ ያለ ቲፕ መውጣታቸውን አይቶ አፍሮ ነው የተመለሰው፣ ብሩም ሲገባ እሳቸው እያዩ ጣሳው ውስጥ ነው የገባው። ግን ያኔ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ የቆጠሩት ብር ብቻ አልነበረም፣ ወደ እኔ የሚያዩትን ወንዶችም ነበር። አባቴ «ልጄ ከማን ነው ብር የምትቀበለው» ብለው ስምንት ሰዓት ሙሉ ምግብ ሳይቀምሱ ሲጠብቁኝ ነው የዋሉት። ሳላሀዲን፣ ስድስት ዓመት በዚያ ሥራ ስንቱን ዋልጌ ስመልስ ኖሬ፣ ያን ጥርጣሬ በአባቴ ዓይን ውስጥ አየሁት። ምስጢርህን እስከ ሞቴ ልጠብቅልህ ብዬህ ነበር፣ አልቻልኩም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ እያለቀስኩ «የሳላሀዲን ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ የሳላሀዲን ነው፣ እየመነዘርኩ ነው የማመጣልዎት» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ እኔን ትተው ቀድመውኝ ሄዱ። ቤት ስደርስ በራቸውን ዘግተው ነበር።

በማግስቱ ማሂ «አባባ ቁርስም ምሳም አልበሉም» አለችኝ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። እኔ ገና ሳይነጋ ወጥቼ መሽቶ ነው የምገባው፣ በዓይኔ አላየሁም። ግን ወዲያው የመሰለኝን ላንተም አልደብቅህም፤ ባንተ ብር የተገዛ እህል አልቀምስም ያሉ መሰለኝ። መድኃኒታቸውንም የተዉ መስሎኝ ፍሬውን ቆጠርኩ፤ መድኃኒቱን በየማታው ውጠውታል። በሦስተኛው ቀን ጫሊ ሥራ ላይ ስታገኘኝ የሰው ትእዛዝ እየተሳሳትኩ፣ ለፓስታ ሽሮ እያወጣሁ ነበር። በልቤ አንተን ሰደብኩህ፣ አባባንም ሰደብኩ፣ አላህ ይማረኝ። ሁለት ወንዶች ተኳርፈው ረሃቡም ውሸቱም በእኔ ጫንቃ ላይ ወድቆ አየሁት። እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ አባባ መጡ። ያን ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጓደኞቻቸውን የጋበዙ ቀን የለበሱትን። ጥጉ ጋ አልሄዱም፣ መሃል ያለው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡና አዴ ዙሀይራን «ልጄን ለግማሽ ሰዓት አበድሪኝ» አሏት። ከዚያ «ኢንተለ ኮ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ የሚሉኝ ልባቸው ሲርድ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። ጫሊ አስተናገደችን። ጥብስ አዘዙ፣ ለስላሳ አዘዙ። በሉ፣ ሳላሀዲን። እንደ ድሮው በሉ።

በመሃል ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ለካ ጾመው ነው። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ መስጊድ ሄደው ሼኹን «የማልኩትን መሐላ ላፈርሰው እፈልጋለሁ፣ ምን ይጠበቅብኛል?» ብለው ጠይቀዋል። ሼኹም ከፋራው፣ የመሐላው ማካካሻ፣ አሥር ድሃ ማብላት ነው፣ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል ብለዋቸዋል። ሐሙስን፣ ዓርብንና ቅዳሜን ጾመው ማታ ማታ ጃርሶ ቤት እያፈጠሩ ነበር የሚገቡት። ለእኔም ለማሂም ትንፍሽ አላሉም። እኔ እልህ ነው ብዬ በልቤ ስሰድባቸው እሳቸው መሐላቸውን እየፈቱ ነበር። «አሥር ሰው ከየት አምጥቼ አበላለሁ፣ ጾሙ ቀለለኝ» አሉኝ። ያችኑ ያንተን «ከየት አምጥተው» የምትል ቃል ነው የተናገሩት። አውቀው ይሁን ሳያውቁ አልገባኝም፣ ፊታቸው ላይ ግን ቂም አልነበረም።

ሻይ ጠጥተን ሲያበቃ ሒሳብ አሉ። እኔ በደሞዜ ላይ ይያዝ ልል ስል በዓይናቸው አስቆሙኝ። ጥብሱ አራት መቶ ሃያ፣ ሁለቱ ለስላሳ ሰማንያ፣ ሁለቱ ሻይ አርባ፣ አምስት መቶ አርባ ብር። «ለሦስት ክፈይው» አሉኝ። ዕድሜ ነው ብዬ «አባባ፣ ሁለት ነን እኮ» አልኳቸው። «ለሦስት አልኩሽ፣ ስንት ስንት ይደርሳል?» አሉ። መቶ ሰማንያ አልኩ። መሐረባቸውን ፈቱና መቶ ሰማንያ አስቀመጡ፣ እኔንም አስቀምጪ አሉኝና አስቀመጥኩ። ያ የመሐረብ ብር ከየት እንደመጣ ኋላ ነው ያወቅኩት፤ ከመኪናው የቀረውን ክሪካቸውን ሸጠዋል። አንተ በልጅነትህ ካልተሸከምኩት ብለህ እግርህ ላይ የጣልከውን ክሪክ።

ሦስተኛው መቶ ሰማንያስ ብዬ ብጠይቅ «የራሱን ድርሻ መጥቶ ይክፈል» አሉ።  ተነስተው አዴ ዙሀይራ ጋ ሄዱና የዱቤ ደብተሯ ላይ ስምህን አስጻፏት። እጃቸውን ደብተሩ ላይ አድርገው በስልክ ቢልክ እንዳትቀበዪ፣ በእኔ በጁሀራ እጅ ቢመጣም እንዳትቀበዪ ብለው አስማሏት። እሷም እየሳቀች፣ ዓይኗንም በነጠላዋ እየጠረገች ማለች። ከዚያ አባባ ጣሳው ውስጥ አርባ ብር ከተቱ። «ለአራት ነው የምትካፈሉት፣ አሥር አሥር ይደርሳችኋል» አሉ። እንደወጡ ከበሩ ተመልሰው «ደግሞ ከእንግዲህ ብር እንዳትመነዝሪ፣ እንደመጣ አምጪው» አሉኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እኔ ከዚህ በላይ ልለምንህ አቅም የለኝም። በሁለት ሰው መሃል ብር እየመነዘርኩ አራት ዓመት ቆሜያለሁ፣ አሁን መቀመጥ እፈልጋለሁ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ጋራዡ አይፈቅድልኝም እንዳትለኝ። ከረመዳን በፊት ና። ስትመጣ ለአባባ ምን ልበላቸው ብለህ አትጨነቅ፤ ምንም አትበል። ቁጭ በልና ብላ፣ እሳቸው ሒሳብ ሲሉ ደግሞ እጅህን ወደ ኪስህ ከመስደድህ በፊት ፊታቸውን እይ።

ማሂ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ ብላለች፤ ደብተሬን ቀደድሽብኝ ብላም ተቆጥታኛለች። ጃርሶ ሰላም ብሎሃል፣ ያን ቀን ከሰሙት ከስድስቱ አንዱ እሱ እንደነበረና እንደረሳው ንገሪው ብሎኛል። ጫሊ ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች። አዴ ዙሀይራ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ዱቤ ሲቆይ አልወድም ትልሃለች። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም። ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ግን ያውቃሉ። አሁን ከመናኸሪያ መጥተው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከአዲስ አበባ ሮቤ የአውቶቡስ ትኬት ስንት እንደገባ ነግረውኝ ገቡ።

ያለብህ ሒሳብ መቶ ሰማንያ ብር ነው። ቲፕ እንዳታበዛ።

እህትህ ጁሀራ አብዶ

ሮቤ፣ ባሌ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.